ቤት ያልመታ ደብዳቤ

ቂርያት ጋት፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ከአሮጌው ብሎክ ምድር ቤት፣
ከሰዓት በኋላ አዛውንት የሚሰበሰቡበት
ሞአዶን አለ። እኔ ነኝ ቁልፍ ያዥ፣
ወረቀት አንባቢ፣ መድኃኒት አስታዋሽ፤
የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ የውሃ፣ የመብራት፣
በዕብራይስጥ የመጣውን በአማርኛ መፍታት።

ሐሙስ ዕለት አያ ጀጃው የውሃ ቢል ይዞ መጣ፤
ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፣ ቃል ከአፉ ሳይወጣ።
"አንቺ ልጅ፣ ደብዳቤም አለኝ" አለ በመጨረሻው፣
"ለወንድሜ። ለእንግዳው።"
(ነታንያ ነው ያለው።
በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤
አርባ ዓመት ግን ሞላው።)

የልጅ ልጁ ኢታማር፣ ለሰንበት ከጦሩ የመጣ፣
"ሳባ፣ ምን ያስለፋሃል?" ብሎ ስልኩን አወጣ፤
"ሁለት ቃል ንገረው፣ እይ አማርኛው ሲመጣ።"

ጻፈ። እውነት ለመናገር፣ አሳምሮ ጻፈ፤
ብዕሬ ከእጄ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

"ወንድሜ ሆይ፣ ዘመን እንደ ወንዝ ቢፈስም
የአንድ ማኅፀን ፍቅር ዓለት ነው፣ አይፈርስም፤
ኩርፊያን በይቅርታ፣ ናፍቆትን በሰላም
እንጠበው፤ ከሥጋ ዘመድ የሚበልጥ የለም።"

ቤት ይመታል። ነጠላ ሰረዙ እንኳ ከቦታው አልወጣም።

አያ ጀጃው አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፤
"መልካም ሰው ነው" አለ። ቆየና ጠየቀ፦
"ግን ይሄ ሰው ወንድሙን ምን አድርጎት ነው?"

ኢታማር ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም፤ የራሴን አውቃለሁ፤
ባለፈው ስግድ መድረክ ላይ ግጥም አንብቤያለሁ።
ሌሊቱን አምጬ አምጬ አንድ ስንኝ አልወለድ ቢለኝ
ስልኬን ጠየቅሁት፤ ባንድ ትንፋሽ ሠላሳ መስመር ሰጠኝ።
ተጨበጨበ፣ እልል ተባለ፣ ቄሱም መረቁኝ፤
ቤቴ ገብቼ እጄን ታጠብሁ፤ ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ።
ከዚያ ሁሉ መስመር ዛሬ አንዲት ቃል አላስታውስም።
ያልወለድኋት ስንኝ ግን
ጎኔን መውጋት አልተወችም።

መሣሪያውን አልረግምም፤ ቢል በማንበብ ይበልጠኛል።
የሚደብቀው ግን የለውም፤
የሚደብቀው የሌለው ምን ይገልጣል?

የውሃ ቢሉን ገለበጥሁት፤ ጀርባው ንጹሕ ነበር።
"በል አያ" አልሁ። ዝም አለ። አየር ማቀዝቀዣው ይንኳኳል።
አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ፤ ሌላ መጣ።
"ጻፊ" ይላል፤ "ተይው፣ ሰርዢው" ይላል፤
ወረቀቱ በስርዝ ብዛት የታረሰ ማሳ መስሏል።
ሲመሽ የቀረው ይህ ነው፦

    እንግዳው፣
    ሱዳን ጠረፍ ላይ ቅሉ ባዶ ሆኖ የተገኘ ጊዜ
    አባታችን አንተን መታህ።
    ሌሊት ውሃውን የጠጣሁት እኔ ነኝ።
    ሲመታህ ዛፍ ሥር ቆሜ አየሁ።
    ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃለህ።
    ጉልበቴን ያመኛል። ኢታማር ወታደር ሆነ። አንተን ይመስላል።

ቤት አይመታም ይህ ደብዳቤ፤ የሚመታው በር ነው።
ከግርጌው ብዕሩን ተቀበለኝና ስሙን ራሱ ጻፈው፣
ኡልፓን ባስተማረችው ፊደል፣ እየተንቀጠቀጠ፤
አማርኛዬ ከግራ ሄዶ፣ ስሙ ከቀኝ መጥቶ
መሐል ላይ ሊገናኙ ጣት የማይሞላ ቀራቸው።

ኢታማር ስልኩን ኪሱ ከተተ። "እኔ አደርሰዋለሁ" አለ፣
"ነገ፣ ሰንበት ሳይገባ።" በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ፦
"ሳባ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ምንድን ነው?"

አያ ጀጃው ኮፍያውን አወለቀ።
"እሱን ጠይቀው" አለ። "ከነገረህ፣
ቁጭ ብለህ ስማው።"

ወንበሮቹን ደራርቤ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ቁልፉን ሳዞር
ትዝ አለኝ፦
የውሃው ቢል እኮ
አልተከፈለም ነበር።