ሁለት ሰከንድ

በአይቫሊክ ወደብ፣ ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣
ጣሪያ አልባ ሲኒማ ነበር፣ ጨረቃም ሳትከፍል የምትገባ።
መጋረጃው ግድግዳ ነው፣ ግንቦት በመጣ ኖራ የሚቀባ፤
ወንበሩ እንጨት፤ ትኬት ያጣነው
ከየሰገነታችን ነው ያየነው።

ሩክነቲን ይባላል የማሽኑ ጌታ፤
ፊቱን ማን ያውቀዋል፣ ከኋላችን የሚመጣ ብርሃን ነበር ማታ ማታ።
ፊልሙ ሲበጠስ ሦስት መቶ ሰው ያፏጫል፤
እሱ በጨለማው ጫፍና ጫፉን አጣብቆ ያስቀጥላል።
"ሩክነቲን! ተኛህ ወይ?" እላለሁ እኔ፣ የሰባት ዓመት ባለጌ፤
ሳቃችን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ
ይወጠራል ከሰገነት ሰገነት።

ፊልም ሠሪዎች ከኢስታንቡል አንድ የጸደይ ሰሞን መጡ፤
ጀልባ ተከራዩ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሻይ አጠጡ፤
"እለፉ፤ ወደ ካሜራው እንዳታዩ" አሉ።
ኔሪማን፣ የሩክነቲን ሚስት፣ ከነዘንቢሏ አለፈች።
ግን ቀና አለች፤
ፈገግም አለች።
ሁለት ሰከንድ ናት። ከዚያ የተዋናዩ ትከሻ ዋጣት።

ዐሥራ ዘጠኝ ማታ ታየ ያ ፊልም በዚያ በጋ፤
ሩክነቲን በትንሿ ቀዳዳ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ዐይኑን አስጠጋ።
ታች እሷ፣ አራተኛው ረድፍ፣ የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች፤
ላይ እሷ፣ ቁመቷ ሰባት ክንድ፣ ወደቡን ታልፋለች።
ቆይ አይላት፤ እንዴት ይላታል?
የቆመ ፊልም ይነድዳል።
መብራቱ ከመሃል ይበላውና
ፊት የነበረው ቡናማ አረፋ ይሆናል።

ቴሌቪዥን የመጣ ለታ በአንድ ቤት ብቻ ነው የመጣ፤
ፋርማሲስቱ ዘንድ፤ ደጃፉ በጫማ ተጣቦ፣ ሰው በየተራ ሲገባ ሲወጣ።
ቀጥሎ ቪዲዮ፤ ካሴቱ በአዳር ሂሳብ፣
እንደ ትኩስ ዳቦ በብብት ተሸጉጦ፣ ሰው ሁሉ በጊዜ ወደ ቤቱ ሲሰበሰብ።
ወንበሮቻችንን ከሰገነት ወደ ሳሎን አዞርን።
እኔም አዞርሁ፤ ማንን እወቅሳለሁ?
ትንኝ የለ፣ ብርድ የለ፤
ለሽንት ሲሉ ፊልም ማስቆም እንዴት ደስ ይላል!
ኋላ ሳሎኑም ተበተነ፤
አባት በሶፋው፣ ልጅ በጆሮ ማዳመጫው፣
እናት ማድቤት፣ ስልኳን በስኳር ዕቃው አስደግፋ፤
ባንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ሰው ሲገደል፣ ሦስት ሰው ሲዳር፣
"ምን ያስቅሻል?" የሚል ጠፋ።

ሲኒማው ዛሬ መኪና ማቆሚያ ነው።
ግድግዳው አለ። ኖራ የሚቀባው የለም።

ሩክነቲን ሰማንያ አንድ ሞላው፤ ኔሪማን ካለፈች ስድስት ዓመት።
የልጁ ልጅ ጎንጃ፣ ፊልም በአንድ ተኩል ፍጥነት የምታይ፣
"ሲያወሩ ይንቀራፈፋሉ" የምትል፣
"አያቴ፣ ያ ፊልም ተገኘ" አለችው፤
ሪሞቱን ሰጥታ፣ ቁልፉን አሳይታ፣ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ወደቡ መጣ። ጀልባው። ዘንቢሉ።
አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤ ተጫነ።
ኔሪማን ቆመች።
አልነደደችም።

ተነሥቶ ቀረባት፣ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ።
ሃምሳ አምስት ዓመት ካሜራውን ያየች መስሎት ነበር ለካ!
ዐይኗ ትንሽ ወደ ግራ ነው፤
ከካሜራው ወዲያ የቆመ ሰው አለ፣
ፈገግታው የሱ ነው።
ማን ነበር? ሻይ የሚያድለው ልጅ? እኅቷ?
ወይስ ራሱ ሩክነቲን? በዚያ ቀን የት እንደ ቆመ
እንኳ ጠፍቶበታል።
አጥብቆ ቢያይ ዐይኗ ነጥብ ሆነ፤ ነጥቡ ግራጫ፤
ግራጫው አይመልስም።

መልሶ ሰደዳት። መልሶ አቆማት።
ሄደች። ቆመች። ሄደች።
ሲደክመው ወንበሩ ላይ ዐረፈ፣ እሷን ወደቡ ላይ አቁሞ።
ቆይቶ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ጥያቄ ጻፈ፦
"አሁንም እያዩ ነው?"

ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት ነኝና ሰማሁት፣ ሽማግሌው ሲስቅ፣
ከዚያ ሲጮኽ፣ ለማሽኑ ይሁን ለሦስት መቶ ሰው እንጃ፦
"አልተኛሁም!"