ዘግይቶ ነቂ

ወረቀቱ ይላል፦ «ደርቋል፤ ይቆረጥ።»
ዋባሽ ወንዝ በጉም ውስጥ ሲሰወር፣ ሲገለጥ፣
መሰላል ጭነን፣ መጋዙን ነዳጅ አጠጥተን፣
ቪንሰንስ ገባን በሚያዝያ፣ ጓንታችንን አጥልቀን።

ኦኩ የሽኮኮ ጆሮ የሚያህል ቅጠል አውጥቷል፤
«በቆሎ ዝሩ» የሚባልበት ሳምንት ደርሷል፤
ሜፕሉ ቀልቷል፤ ሣሩ ለምልሟል።
ይህ ብቻ፣
ከነጩ ቤት አጥር ዳርቻ፣
ራቁቱን ቆሞ፣ የአምና ፍሬውን
እንደ አሮጌ ጅራፍ አንጠልጥሎ፣ ነፋስ ሲነካው
ኳ ይላል። ኳ። ካታልፓ ነው።

መጋዙን ልቀሰቅስ ገመዱን ስስበው፣
የወይዘሮ ቨርሊን ከዘራ ደረጃውን መታው።

«ሞቷል ያለህ ማነው? ተጠራጣሪ ነው እንጅ!
ሌላው ዛፍ ለአንድ ሞቃት ቀን ልቡን ይሰጣል እንደ ሞኝ ልጅ፤
ይኸኛው ይጠብቃል። አባቴ ቲማቲም የሚተክለው
የዚህን እንቡጥ አይቶ ነው፤ ውርጭ አንድ ቀን አላታለለው።

ደግሞ ትል ይወርረዋል በሐምሌ፣ ጥቁር ባለ ቢጫ፣
ግጦ ግጦ የሚተውለት የቅጠሉን ጅማት ብቻ፤
አባቴ ትሉን በክብሪት እንጨት እንደ ካልሲ ገልብጦ፣
አምባዛ ያጠምድበት ነበር ጀልባው ላይ ተቀምጦ።
‹ዓሣ ያበላውን ዛፍ በመጋዝ የነካ ሰው
ሰባት ዓመት መንጠቆው ባዶውን ነው የሚመለሰው›
ይል ነበር። አንተ ዓሣ ትወዳለህ?»

እወዳለሁ።

ቢላዬን አወጣሁ፤ ቅርንጫፉን በጥቂቱ ፋቅሁ።
አረንጓዴ። እርጥብ። ጣቴ ጥሬ ባቄላ ሸተተኝ።
«ታዲያ ማነው የደወለው?» ብዬ ወረቀቱን ገለጥኩ፤
ስሟ ነው። ስልኳ ነው።
ቀና ስል ወደ ወንዙ ታያለች።

«በየዓመቱ» አለኝ ዴልበርት፣ መኪናው ውስጥ ዶናቱን እየገመጠ፣
«በሚያዝያ ትደውላለች፤ ስንመጣ ታባርረናለች።
ባሏ ካረፈ ወዲህ። የዓሣውን ታሪክ ሳትጨርስ
ማንም ወደ መኪናው አይመለስም።
እኔ ስድስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዓሣው በየዓመቱ ይገዝፋል።»

«ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ
«ተኝቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኔ ሲጠባ፣ ሥራ ሳይኖረኝ፣ በዚያው ጎዳና ዞርኩ።
ነጭ በነጭ! ጉሮሮው ሐምራዊ የተረጨበት አበባ
ደረጃዋን፣ የፖስታ ሳጥኗን፣ አስፋልቱን ሸፍኖ፣
ንብ እስከ ወገቧ እየገባችበት፣
ከጥላው ሥር ቨርሊን መጥረጊያ ይዛ ትራገማለች፦
«ቆሻሻ ዛፍ! ምነው ያኔ በቆረጣችሁት!»