እዚህ ጋ የምትዘላት

የገዛሁለት ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
አምስት ፍሬ ድራም፣ ቀይ ቀለም ያለው፣
ሠርግ የሚያጅብ ባንድ ሲፈርስ የሸጠው።
በባጃጅ ጭኜው ከጠባሴ ስመጣ
ጎረቤቱ ሁሉ ከየደጁ ወጣ፤
«ጀነሬተር» ያለ፣ «ወፍጮ ነው» ያለም አለ፤
ምንተስኖት ብቻ
ትልቁን ከበሮ እንዳቀፈ ዝም አለ።

ያ ትልቁ ሲመታ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤
የሰቀልነው ሰዓት ከሚስማሩ አመለጠ።
እታፈራሁ ያኔ ሣጥኗን ከፍታ
ጠርዙ የተበላሸ ብርድ ልብስ አውጥታ
(እኔው የሠራሁት፣ ፋብሪካው የጣለው)
ሆዱ ውስጥ ወተፈች፤
«የደብረ ብርሃን ሰው ነው፣ እሱም ብርድ አለው።»

በመጀመሪያው ክረምት በረዶ ነበረ፣
ቆርቆሮ ላይ ወርዶ ሲበታተን አደረ፤
በሁለተኛው ግን እግሩ ቦታ ያዘ፣
ከእጁ ተስማማና አንድ መንገድ ተጓዘ።
«ጆሮዬን» ይሉ የነበሩት እማማ ብርቄ ሳይቀሩ
«ዛሬ ምነው ዝም አለ?» ማለት ጀመሩ።

አሁን አሥራ ሦስት ሞላው። ጉልበቱ ረዝሞ
ከከበሮው ጠርዝ ይጋጫል ደጋግሞ።
የፔዳሉ ሞላ ሁለቴ ተሰብሮ
የሚረግጠው በባጃጅ ሞላ ነው ዘንድሮ።
ሳህኗም (እሱማ «ሲምባል» ነው የሚላት)
ከጠርዟ ተሰንጥቃ በመጋዝ ቆረጥናት፤
አይጥ የበላት ቂጣ መስላ ተንጠልጥላ
ሲመቷት ታስነጥሳለች፣ ዝም ትላለች ኋላ።

ታዲያ መቼ ይቀየር? ጫማ ቢሆን ኖሮ
አውራ ጣት ይናገራል ሸራውን ሰርስሮ።
የሽመና ማሽን ሰዓቱ ይጻፋል፤
ሲሞላ መካኒኩ ማርሹን ይፈታል።
ከበሮ ግን እንጃ።
ማን አለ ነጋሪ፣ ምን አለ ማስረጃ?

ጋሽ ዘርይሁን አሉ፣ ኪነት የነበሩ፣
ዛሬ ሬዲዮ ጠጋኝ፤ ቀና ሳይሉ መከሩ፦
«ቀስ አርጎ መምታቱን ሲችል ለውጥለት፤
መጮህማ ያውቃል ጣሳም ያለ ትምህርት።»

አዲስ አበባ ገብቼ ዋጋውን ጠይቄ
የአሥር ወር ደሞዜን በጣቴ ቆጥሬ ወጣሁ ተሳቅቄ።
ደግሞ እህቱ አለች፣ ሰሌዳው የራቃት፤
መነጽር ነው ያሏት።
የእታፈራሁም እቁብ መጋቢት ነው ተራው፤
አፏን አልከፈተች፣ ዓይኗ ግን ከጣራው።

አንድ የኅዳር ምሽት፣ ውርጭ ሣሩን ነጭ አልብሶ፣
ከፈረቃ ስመለስ
በትሩን ካልሲ አጥልቆ፣ ድምፁን አሳንሶ
ሲመታ ደረስኩ። በረንዳው ላይ ቆምኩ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ከማሽን ጎን የኖርኩ፣
አንድ ክር ሲዘል ከእንቅልፌ እነቃለሁ፤
እሱም ሲዘል ሰማሁ።
በየአራቱ ዙር መጨረሻ እጁ ብድግ ይላል፣
አየር ላይ ይቆማል፣
ባዶውን ይመለሳል።

«ምንድናት?» አልኩት፣ «እዚህ ጋ የምትዘላት?»
«ሳህኗ ናታ፣ አባ። ድምፅ ስለሌላት...
ኋላ ለመድኳት።»

ጫማዬን ሳልፈታ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ።
«ግዛልኝ» ቢለኝማ «ቆይ» እለው ነበረ፣
እንደ ልማዴ፣ ነገሩም እዚያው በቀረ።
መልመዱ ነው የቆረጠኝ።

መጋቢት ላይ እቁቡን ሦስት ቦታ ቆረስነው።
መነጽሩ ቀደመ። ሁለት ቆርቆሮ ገዛን። በተረፈው
አንዲት ሳህን ብቻ፣ ነሐስ፣ ከሰው እጅ የወጣች፤
ሌላው ይቆይ አልን፤ የባጃጅ ሞላዋም ገና አልደከመች።
አሮጌዋን ሳህን አጥሩ በር ሰቀልናት፤
መጪው በድንጋይ ኳ ያደርጋታል፣ ታስነጥሳለች፣
ውሻው «ይማርሽ» ይላታል።

አዲሷ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆናት።
በየአራቱ ዙር መጨረሻ እጁ ብድግ ይላል፣
አየር ላይ ይቆማል፣
ነሐሷን ያያታል።
እኔ በረንዳው ላይ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ አዳምጣለሁ።

ገና ነው።