በከረጢቱ ማዶ

ደብዳቤው ማክሰኞ በጀልባ፣ ከዝናብ ጋር መጣ፤
ፖስታው ረጥቦ፣ የማኅተሙ ቀለም ወደ ጠርዝ ወጣ።
«ከሃያ ሰው በታች የያዘ ክሊኒክ» ይላል፣
«ታካሚው የቤት ውስጥ የኩላሊት እጥበቱን ቶሎ ይጥላል፤
ትልቁ ዘንድ ግን ይቆያል።»
እኔ ስንት አለኝ? ስድስት።
ስድስት ሰው፣ ስድስት ደጅ፣ በሌሙይ ደሴት።

ዶኛ ኦርፌሊና ድንች ቆፍራ ስትመለስ እጇን ትታጠባለች፣
እንዳስተማርኋት እስከ ክርኗ፣ «አባታችን ሆይ» እስኪያልቅ ትፈትጋለች።
አራት ከረጢት በቀን፤ ሲገባ ለብ ያለ ውሃ፣ ሲወጣ ቢራ መሳይ፤
ጋዜጣ ከሥሩ ታነጥፋለች፣ ፊደሉ ይነበብ እንደሆን ልታይ።
ከተነበበ ደህና ናት፤
ከደፈረሰ ሆዷ ውስጥ እሳት አለ፣ ስልኬ ይጮኻል በዚያች ሰዓት።

ሁሉን አውቃለሁ፤ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣
የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣
ማን ጨው እንደሚሰርቅ፣ ሚስቱ ፊቷን ስትመልስ።
«ይህን ወረቀቱ መች ያውቃል?» ብዬ ተቆጣሁ፣
አጥፌ ከምድጃው አፍ አስጠጋሁ፤
ከዚያ ዶን ቤላርሚኖ ትዝ አለኝ። እጄን መለስሁ።

ጀልባ ሠሪው፣ ጣቱ እንደ ሥር የተቋጠረው፣
እሑድ ማታ ደውሎ «የሩዝ ውሃ መሰለ» ያለው።
በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነበር።
መጽሐፍ ላይ አውቀዋለሁ፤ እጄ ላይ ግን አልነበር።
መድኃኒቱን ፈለግሁ፣ መጠኑን ደጋግሜ ተጠራጠርሁ፣
እስከ ንጋት ጀልባ ጠበቅሁ።
ፖርቶ ሞንት ያለችው ነርስ በየሳምንቱ ታየዋለች፣
ወሬ እያወራች ትቀምመዋለች።
እጅ በሥራ ይፈታል፤ የኔ እጅ ፍቅር እንጂ ሥራ አልበዛበትም፤
ፍቅር ደግሞ ሚሊግራም መለካት አያውቅም።

አልሞተም።
ግን ቱቦው ከሆዱ ወጣ፤ አሁን በሳምንት ሦስቴ በሌሊት ይነሣል፣
ባሕር አቋርጦ ከማሽኑ ወንበር ይደርሳል፤
የጀመረው ጀልባ ግቢው ውስጥ፣ ጎኑ ክፍት፣ ዝናብ ይጠጣል።

ስለዚህ ዶክተር፣ መልሴ ይኸው፦ ቁጥራችሁ አልዋሸም።
ስድስቱን ጠቅልለሽ ላኪ ብትሉኝ ግን አልስማማም፤
ደሴት አይጠቀለልም።
ይልቅ እኔን ውሰዱኝ፣ በየዓመቱ አንድ ወር፤
ድፍርሱን እስኪሰለቸኝ ልየው፣ ከዚያች ነርስ ጎን ልዋል፣ ልደር።
ሌሊት ስደውልም የሚያነሳ ሰው ይኑር።

ትናንት የኦርፌሊናን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አጋደምሁት፤
ጋዜጣ ስላጣሁ፣ ደብዳቤያችሁን ከሥሩ አነጠፍሁት።
ጥርት ያለ ነበር፤
ሦስተኛው ገጽ፣ ከታች፣ ትንሿ ፊደል ሳትቀር፣
«ትናንሽ ክሊኒኮች» የሚለው፣ ውሃው አጉልቶት፣ ወፍሮ ይታይ ነበር።
ኦርፌሊና መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።
«ምን ይላል?» አለች።
«ዛሬ ደህና ነሽ ይላል» አልኋት።