ጥቅም

እኔ ክፈፍ ሠሪ፣
ጥድና ኦክ ቆራጭ፣ በጠርዝ አዳሪ፣
የዘጠና ዲግሪ ታማኝ መስካሪ፤
መሐሉን ለባለቤቱ የምተው፣
ሥዕልን «ምንድን ነህ?» ብዬ የማልጠይቀው።

ከተማችን ኮቪልያ ተራራ ሥር ናት፣
የሱፍ ፋብሪካዎች ያረጁባት፣
ጭስ ማውጫው ጭሱን ጥሎ
ሽመላ የሚያሳድር ጫፉ ላይ አዝሎ።
አባቴ ቀኑን የሚያውቀው ወንዙን አይቶ ነበር፦
ሰማያዊ ከወረደ የመርከበኛ ጨርቅ ሲነከር፣
ቀይ ከወረደ ለካህናት፣
ጥቁር ከወረደ የሆነ ሀብታም ሞቷል ማለት።
ዛሬ ወንዙ ጠራ፤
ይዞት ነጎደ እንጂ የሰፈሩን ሥራ።

ግራሲንዳ የመጣችው በዚያ ክረምት ነው፤
የተከራየችው ጣሪያው የሚያነባ ማቅለሚያ ክፍል ነው።
ጣሳ ይዛ በሬ ላይ ቆመች፦
«የዛገ ምስማር አለህ?»
«አዲስ አለኝ» አልኩ። «አዲስ አልፈልግም» አለች።
ዝገቱ ግራጫ ይሰጣታል ለካ፣
የሽንኩርት ልጣጭ ወርቁን፣ የሮማን ቅርፊት ብጫውን።
ገበያ ሲበተን ከመሬት ስትለቅም
ሻጮቹ «ጥንቸል ታረቢያለሽ?» ይሏታል።
ሱፉም እንዲሁ፤ ከሱፉ ዋጋ ሸላቹ ስለሚወደድ
አርቢው ጓሮ ጥሎት ዝናብ የሚበላውን
አጥባ፣ አበጥራ፣ ፈትላ፣
ሦስት ማዕዘን ትሸምናለች።

ሦስት ማዕዘን ብቻ።
አንዱ የሱፍ፣ አንዱ የወረቀት፣
ጎን ለጎን፣ ጫፍ ለጫፍ፣ መቶ አርባ አራት።
ለካሁላት፤ ግማሽ ሚሊሜትር አልተሳሳተችም፤
ቅር አለኝ፤ እንዲህ ያለች ሴት ክፈፍ አያስፈልጋትም።

ወረቀቱ የተገኘው ከምድር ቤት ነው፦
ሻጋታ የበላው የፋብሪካው የቅጣት መዝገብ።
ከመዘፍዘፏ በፊት አንድ መስመር አነበበችልኝ፦
«አልዚራ። የግማሽ ቀን ደመወዝ። በሥራ ሰዓት ስለ ሳቀች።»
ከዚያ ገጹን በርሜሉ ውስጥ ለቀቀችው።
ፊደሉ ተፈታ፣ ቁጥሩ ተበተነ፣
ወንፊት ላይ ሲረጋ ነቁጥ ነቁጥ ሆነ፣
እንደ ድንቢጥ ዕንቁላል።

በመጋቢት ዶና ኤርሜሊንዳ መጡ፤
ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው፣
እዚያው ፋብሪካ አርባ አንድ ዓመት የተበሳ ጨርቅ የጠቀሙ።
ወደ ሥራው ተጠጉ። አላደነቁም፤ አሸተቱት።
ከዚያ አንድ ማዕዘን ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፦
«ብል ነክቶታል።»
እኔ አላየሁም። ግራሲንዳም አላየችም።

«ይጥቀሙልኝ» አለቻቸው፤ «በቀይ ክር አድርገው፣
እጅዎ ይታይ፣ ሰው ሁሉ ይየው።»
«ልጄ፣ ጥቅሜ ከታየ ጥቅም አይደለም፤
በሠራሁበት ዘመን ታይቼ አላውቅም፤
የታየ ጥቅም ያስቀጣ ነበር።
ግራጫውን አምጪ።»
አንድ ሰዓት ያህል ጀርባቸውን ብቻ አየን።
ቀና ሲሉ ቀዳዳው የለም፤
የርሳቸውም እጅ የለም።

መርፌውን ደረታቸው ላይ ሰክተው
«ያ መዝገብ የት ደረሰ?» አሉ።
ወረቀቱን አሳየናቸው።
«ቀቀላችሁት?» ዝም አሉ። «አልዚራ እኮ እህቴ ነበረች።»
ግራሲንዳ አመድ መሰለች።
አሮጊቷን ግን ጀመራቸው፤ መጀመሪያ ትከሻቸውን፣ ከዚያ ሆዳቸውን፣
ከዚያ ባዶው አዳራሽ ከነቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።
ድሮ የተከፈለበት ሳቅ ነው፤
ግማሽ ቀን ሙሉ ቢስቁም ማን ይጠይቃቸው?

በሰኔ ዐረፉ።
ሥራው ለሊዝበን ሲሰናዳ እኔ ዘንድ አደረ፤
ሁለት ሌሊት ማጉያ መነጽር ይዤ
ሰባ ሁለቱን የሱፍ ማዕዘን አንድ በአንድ ፈተሽኩ።
አላገኘሁትም።
ግራሲንዳን ጠየቅኋት፤
«ሦስተኛው ረድፍ፣ ከቀኝ... አይ፣ እንጃ» አለች።

ክፈፍ ሠሪ አይጽፍም፤ ደንባችን ነው።
ግን ከጀርባው፣ ግድግዳ ብቻ በሚያነበው እንጨት ላይ፣
በእርሳስ፣ ደቀቅ አድርጌ፦
«ከሰባ ሁለቱ አንዱ ተጠቅሟል።
የጠቀሙት ኤርሜሊንዳ ናቸው።»
ከዚያ ወደ ግድግዳው አዞርኩት።