ታኮ

ከጣርማ በር አናት ጉም ወርዶ ሲተኛ፣
ከዋሻው አፍ ቆምን፣ ሰባት መኪና እኛ።
ከፊቴ ቦቴ ነው፣ ከኋላ ሲሚንቶ፣
መሃል የኔ አይሱዙ፣ ሽንኩርት እስካፉ ሞልቶ።
ጋቢና ያለው ልጅ ይትባረክ ይባላል፤
ሸዋ ሮቢት አድጎ ብርድ እንዴት ይችላል?
ጋቢዬን ተከናንቦ ስልኩን ዘረጋልኝ፤
«ጋሼ፣ ጉድ ላሳይህ» ብሎ ቪዲዮ ከፈተልኝ።

መሪው ብቻውን ዞረ፤ ወንበሩ ባዶ ነው።
አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ መስመሩ ነጭ ነው፣
ሰማዩም ሰማይ ነው።
«በመጪው ዓመት» ይላል አንድ ሸሚዙ የነጣ፣
«የሹፌር ነገር አበቃ፤ ከወንበሩ ይውጣ።»
መቼ ነው የተቀዳው? ብዬ ልጁን ጠየቅሁት።
«ከስድስት ዓመት በፊት።»

ሽመክት፣ ረዳቴ፣ ከበር ቆሞ ሰምቶ፣
ሳቀ፣ እንደ ውርጭ ሞተር ሦስቴ ጠፍቶ በርቶ።
እኔም ሰኞን አውቃታለሁ፤ ጠባሴ ያለ ጋራዥ ቀብድ ተቀብሎ፣
የጉም መብራትህን ለሰኞ አደርሳለሁ ብሎ፣
ይኸው ስንት ሰኞ አለፈ ተንከባሎ።
እና አልሳቅሁም፤ መጠየቅ አማረኝ።
እስቲ፣ ይትባረክ፣ አንተ የተማርከው፣ ንገረኝ።

ከኩርባው በፊት ቅጠል ብታገኝ አስፋልት ላይ፣
የባሕር ዛፍ ዝንጣፊ፣ ሦስት ወይ አራት፣
ነፋስ የጣለው ነው ትላለች? ወይስ ሰው የጻፈው ታያለች ወይ?
እኛ እናነበዋለን፦ «ወንድምህ ከፊት ቆሟል፣
ጎማው ፈንድቶበት፤ ቀስ በል፤ መንገድ ጠቧል።»

ከላይ የሚወርደው መብራት ሁለቴ ቢጠቅስ፣
ትራፊክ አለ ነው? ናዳ ወርዷል? ወይስ
«ያ ልጅህ ዳነ ወይ?» ልጅ የላት፣ ምን ትመልስ?

ጭላዳ ዘመድ አዝማዱን አሰልፎ ሲሻገር፣
ወንዱ ጎፈሩን ነፍቶ መሃል ላይ ሲገተር፣
ክላክስ ደንታው አይደል፤ እኔ ዐመሉን አውቃለሁ፣
ሞተር አጥፍቼለት ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።

ቃሬዛ ይዘው ሲያልፉስ፣ ለቀብር ሲወርዱ?
ራዲዮኑን ዘግተህ፣ ዳር ይዘህ ከመንገዱ፣
ቆብህን ታወልቃለህ፤ ሟቹን ባታውቀውም።
እሷ ቆብ የላትም።

ልጁ መስታወቱን ጠረገ፤ ወዲያው ደፈረሰ።
ከዚያ ቀስ አድርጎ አንዲት ቃል ተነፈሰ፦
«አትተኛም ግን፣ ጋሼ።»

አያውቅም። ማን ነግሮት?
አሰግደው እዚህ፣ ከኩርባዋ በታች፣ ሌሊት፣
ዐይኑን ከደን አረጋት፣ ለአፍታ፣ በየካቲት።
ዓሥር ዓመት ረዳቴ፣ ሰባት ወር ሹፌር።
እስኪነጋ ድረስ ከገደሉ ሥር
አንደኛው መብራቱ በርቶ ነበር።

አትተኛም። እውነት ነው። ለዚህ መልስ የለኝም።
ጫት አትቅም፣ አትሰክር፤ ብትመጣ አልጠላትም።
ግን በፊልም አይደለም፤ ትምጣ በነሐሴ፤
ቃል ናፍጣ እንደማይሆን ነግሮኛል ኪሴ።
መስመሩ በጎርፍ ታጥቦ፣ ምልክቱ ወድቆ፣
የቦቴ ጎማ የረጨው ጭቃ ዐይኗ ላይ ደርቆ፣
ዳገቱ መሃል ቀጥ ስትል፣
ማን ወርዶ በእጅጌው ዐይኗን ይጥረግላት?
ማን ታኮ ይጣልላት?
ሹፌር አይኑራት፣ ይሁን። ረዳትስ የላት?

ጉሙ ገለጥ አለ። ቦቴው ጢሱን ተፋ።
ሽመክት ታኮውን ነቅሎ፣ ሮጦ ተንጠለጠለ።
ያሰግደው ታኮ ነው፣ ከወይራ የጠረበው፣
አንድ ጎኑን ጎማ የበላው።
ልጁ ጋቢዬ ውስጥ እንቅልፍ ይዞት ሄዷል።
ሁለተኛ ማርሽ። ዋሻው አፉን ከፍቷል።