መሬት የዋጠው ገንዘብ

ቦታው ቁልቁለት ነው፣ ከደብረ ሲና በር፣
ጉሙ ከጣርማበር ወርዶ ’ሚያድርበት ዳር።
መቶ ሃምሳ ካሬ፣ ኮረትና እሬት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሮቢትን ሽንኩርት
በአይሱዙ ሽቅብ ጭኜ ያገኘሁት።

ሚስቴ ትደነቂያለሽ ደብተር አላት ቀይ፣
የምስማር ዋጋ ሳይቀር የሰፈረበት ላይ።
“ሦስት ክፍል” ይላል ደብተሩ፣ “አንድ ጠባብ በረንዳ፣
ከዚህ የተረፈው የሰው ነው፣ ወይ ዕዳ።”

ከዚያ ማዘጋጃ ቤት። ለፕላን፣ ለማኅተም፣ ለአፈር ምርመራ፣
ለሰሌዳ፣ ለፎርም፣ ለፎርሙ ማደሻ፣ ስሙን ለማላውቀው ለሌላም ሥራ።
ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስደምር
ጣሪያዬ ተበልቷል፣ መሠረት ሳይቆፈር።

ግንበኛው ሸዋፈራሁ ጥርሱን በስንጥር እየነካካ
“ምን ያስጨንቅሃል?” አለ፤ “አሥራ አራቱን ብረት በአሥር እንተካ።
ሲሚንቶውን ቀነስ፣ አሸዋውን ሞቅ፣
መሠረቱም ሜትር ካለፈ ይበቃል፤ መሬት ውስጥ ያለውን ማን ይጠይቅ?”

ጎረቤቴ አፈወርቅ እንዲያ ነው የሠራው፣
ሦስት ክፍል፣ በረንዳ፣ አረንጓዴ ቀለም የቀባው።
“አየህ?” አለኝ ቆሞ ከአዲሱ በሩ ላይ፣
“እኔ የከፈልኩት ለሚታይ ነው፣ ለሚታይ።”

መሐንዲሷ መጣች፣ ምንታምር ይሏታል፣ ገና ልጅ ናት፣
ጫማዋን ጭቃ የዋጠው፣ በእጇ ሜትር ያላት።
ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች፣ አፈሩን በጣቷ ፈረከሰች፣
ያሸተተችው መሰለኝ፤ ቀና ብላ “ሌላ ሜትር” አለች።

“እኅት ዓለም፣ ያንቺ አንድ ሜትር እኮ የኔ አንድ ክፍል ነው!
ፕላንሽ የመኪና ማቆሚያ ተው ይለኛል፤ መኪናዬን ሸጬ እኮ ነው ቤት የምሠራው!”

ሣቀች። ሣቋ ሲያልቅ ግን፣
“ማቆሚያውን ተወው፣ እሱን እኔ እጽፋለሁ።
የሰሌዳውን ክፍያ እንዲቀንሱልህ እጠይቃለሁ።
ስለ አጥር፣ ስለ ቀለም ብትከራከረኝም እሰማለሁ።
ይኼኛውን ግን” ብላ ብረቱን በእግሯ ነካ አድርጋ አሳየችኝ፣
“ያስጻፈው ያ ተራራ ነው፤ ከኔ ጋር አትጣላ” አለችኝ።

ያን ሌሊት ደብተሩን መሐላችን ዘረጋነው፣
ትደነቂያለሽ እርሳሷን ላሰችና አንዱን ክፍል ሰረዘችው።
ምንም አልተናገረች። የልጃችን ክፍል ነበር።
ቀጥሎ በረንዳው ሄደ፣ የወለሉ ሴራሚክ፣ ያማረን ነገር።
ምድር ሲጠጣ አየሁ፤ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ድንጋይ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሽንኩርት ገባ ጉድጓድ፣ አፈር ለብሶ እንዳይታይ።

ሁለት ክፍል ቆመ።
በምሥራቅ በኩል ከዓምዱ ጫፍ አራት ብረት ሳይቆረጥ ቀርቷል፣
ለሦስተኛው ክፍል ቀጠሮ፤ ዝገት እንዳይበላው ጣሳ ደፍተንበታል።
ሰፈርተኛው “ቀንድ ያወጣ ቤት” ይለዋል።

ነሐሴ ገባ። ተራራው በሌሊት የሚያጉረመርምበት ዝናብ።
በር ተንኳኳ። አፈወርቅ ነው፣
ልጆቹን አስከትሎ፣ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ።
“ዝናቡ…” አለና ቀረ። “ግባ” አልኩት።
ዘጠኝ ሆነን አደርን፣ እግር ከእግር ተጋጥሞ።

ሲነጋ አረንጓዴው ቤት ቆሟል፣ አንድ ድንጋይ አልጎደለም።
አፈወርቅ ቀልዶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ፤ ስለ ሌሊቱ አንሥቶ አላወራም።
ማታ ጉሙ ከጣርማበር መውረድ ሲጀምር ግን
ትደነቂያለሽ ማንም ሳያዛት
ትርፉን ፍራሽ አነጠፈች፣
ደብተሯንም ገልጣ “ሦስተኛ ክፍል” ብላ ጻፈች፣
ከሥሩ ዋጋ ሳታስገባ ተወችው።

የሰሌዳው ክፍያ? መልስ ገና አልመጣም።